ሁለተኛ ምስክር

ጥቅምት 9

ለእህቴ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። እኔም፣ ባለቤቴም፣ ልጆቹም ጌታ ይመስገን ደህና ነን። መልሱን ያዘገየሁት ንቄሽ አይደለም። የጉባኤውን አዳዲስ ወንበሮች ቶሎ አስረክብ ተብዬ እንጨት ስልግ ከርሜ ነው፤ ወገቤ እሺ አልል ብሎኛል።

ስለ እናታችን ጠይቀሻል። አልዋሽሽም፣ ከአልጋ መነሳት ትተዋል። ዓይናቸው ብርሃኑን ከጨለማ ይለያል እንጂ ሰው አይለይም። ባለቤቴ በማንኪያ ታበላቸዋለች፤ በልተው ሲጨርሱ ይመርቃሉ፣ ምርቃቱ መሀል አንቺንም ይጠሩሻል።

«መጥቼ ልያት» ላልሽው ግን መልሴን ታውቂዋለሽ። ደንቡን እኔ አላወጣሁትም። የታገደ ሰው ከምእመን ጋር ማዕድ አይቀርብም፣ በምእመን ጣሪያ ሥርም አይገባም። እናታችን ያሉት በእኔ ጣሪያ ሥር ነው፤ እኔ ደግሞ ሽማግሌ ነኝ። በስልክ ላናግራት ያልሽውም ያው ነው። የቤቴ ስልክ የቤቴ ነው።

ባልሽን መታኝ ብለሽ ስትከሺ ሽማግሌዎች አልሰማንሽም? ያለ ሁለት ምስክር ክስ አይሰማም፤ እናታችን ሁለተኛ ምስክር ሆነው ቆሙልሽ፣ ጉባኤውም የመዘምራን መሪነቱን ቀማው። ከዚያ በላይ ምን ይደረግልሽ? እሱ ቅጣቱን ተቀብሎ ከኋላ ወንበር ይቀመጣል። አንቺ ግን «ይቅር ብለሽው ተመለሺ» ስትባዪ ሻንጣሽን አንጠልጥለሽ ወጣሽ። የታገድሽው በዚህ ነው፣ በሌላ አይደለም።

መንገድ አለ። የንስሐ ደብዳቤ ትጽፊያለሽ፣ በጉባኤው ፊት ይነበባል፣ እገዳው በዚያው ቀን ይነሳል። ሰብሳቢያችን፣ ሽማግሌው ሰዓት ሠሪ፣ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጆሯቸውም መክበድ ስለጀመረ ወንበሩን ሊለቁ ነው። የሚተካቸው ሰው ቤቱን ያስተካከለ መሆን አለበት። ወንድሞች እኔን ያዩኛል፣ ከዚያ አንቺን ያስታውሱና ዝም ይላሉ። ይህን የምጽፍልሽ ለራሴ ብዬ እንዳይመስልሽ።

ወንድምሽ

ጥቅምት 21

ወንድም ጋሼ፣

እንዴት ነህ? ወገብህን እግዜር ይማርልህ። «ለራሴ ብዬ እንዳይመስልሽ» የምትለው ጋ ስደርስ ሳቄ አምልጦኝ የምተኩሰውን አንሶላ ላቃጥለው ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

ሥራዬ ምን እንደሆነ አልጠየቅከኝም፣ ልንገርህ። ሆቴል ውስጥ ነው፣ ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል። ቀኑን ሙሉ አንሶላ ነው። ሁለት ሆነን ጫፍና ጫፉን ይዘን እንዘረጋለን፣ እናጥፋለን፣ እንደረድራለን። ጓደኛዬ ከባዱን ጫፍ ራሷ ትይዛለች፣ የቀኝ እጄ አንዱ ጣት እንደማይታጠፍ ስለምታውቅ። «ምን ሆነሽ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «በር» አልኳት፣ ተወችው። እናንተ ያን ጊዜ «የትኛው በር? ወደ ውስጥ የሚከፈተው ወይስ ወደ ውጭ?» ብላችሁ ግማሽ ቀን ጠይቃችሁኛል።

አንተ «ባልሽ» የምትለውን ሰው እኔ አፈ ቅቤ እለዋለሁ፣ የቀረውን ራስህ ጨርሰው። እጄ መሀል እንዳለ እያየ ነው በሩን የዘጋው። እማዬ በዚያን ጊዜ ዓይኗ ደህና ነበር፤ ከበሩ ማዶ ቆማ አየችው። በሕይወቷ ወንዶች በተሰበሰቡበት ተናግራ የማታውቅ ሴትዮ፣ ያን ቀን እናንተ ፊት ቆማ ያየችውን ሳትጨምር ሳትቀንስ ተናገረች። ሌላ ማን ተናገረልኝ? አንተ እዚያው ተቀምጠህ ጫማህን ታይ ነበር።

አሁን ምን አድርጌ ነው ንስሐ የምገባው? ጣቴን በር ውስጥ ረስቼ? ቤትሽን ጥለሽ ወጥተሻል ካላችሁኝ፣ እሺ፣ ወጥቻለሁ፤ ስለ እማዬ ስል ይህችን እጽፋለሁ። ከዚያ ያለፈች አንዲት ቃል ግን ከእኔ አትጠብቅ።

እማዬን ሳምልኝ። አንተ ካልሳምክልኝ ባለቤትህ ትሳምልኝ።

እህትህ

ኅዳር 6

ለእህቴ፣

ደብዳቤሽን ለወንድሞች አነበብኩላቸው። ስለ በሩና ስለ ጫማዬ ያልሽውን ዘለልኩት፤ ለአንቺው ክብር ብዬ ነው።

«ቤቴን ጥዬ ወጣሁ» የሚለው ብቻ አይበቃም ተባለ። አስቢው እስቲ፣ መታኝ ያልሽው ከቆመ መውጣትሽ ጥፋት አይሆንማ! መውጣቱ ጥፋት እንዲሆን መመታቱ መቅረት አለበት። ይህንን ያሉት ሰብሳቢው ናቸው፣ እኔ ከአፋቸው ነጥቄ አልተናገርኩም። ባልሽም ቢሆን ተመልሰሽ እንድትኖሪ አይጠይቅም፤ ስሙ እንዲነጻለት ብቻ ነው የሚፈልገው። ቅር ሳይለው ይቅር ብሎሻል።

እንዳትቸገሪ ብዬ ቃሉን እኔ አርቅቄልሻለሁ፣ ከዚህ ጋር ይደርስሻል። በእጅሽ ገልብጪውና ፈርሚበት።

እናታችን ያልሽኝን መልእክት ሰምተዋል። ሐኪሙ መጥቶ ነበር፣ ሳንባቸው ውሃ ይዟል አለ። ሲወጣ «ተመልሼ አያቸዋለሁ» አላለም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። በር በተከፈተ ቁጥር «መጣች?» ይላሉ። «ነፋስ ነው፣ እማ» እላቸዋለሁ። ከትናንት ወዲያ ግን «እንግዲያው ነፋሱን አስገባው» አሉኝ። እኔ ድንጋይ አይደለሁም፣ እህቴ። ግን እጄ በደንቡ ታስሯል፤ ያንቺ እጅ ግን አልታሰረም።

ወንድምሽ

ኅዳር 19

ወንድም ጋሼ፣

ጻፍኩት።

ያልከውን ቃል በቃል ገልብጬዋለሁ። «ባለቤቴ እጁን አንስቶብኝ አያውቅም፤ በሽማግሌዎች ፊት የተናገርኩት ሁሉ ሐሰት ነበር።» ብዕሩን ያቺው የማትታጠፈው ጣት እየገፋችው ፊደሌ ተንጋዷል፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። ስጨርስ ተነስቼ አስመለስኩ። ንስሐ ሰውነትን ያቀላል ስትሉ እውነታችሁን ነው ለካ!

ፈሪ ናት በለኝ፣ ግድ የለኝም። ያቺ የነፋሷ ነገር ገደለችኝ። አንተም ትገድለኛለች ብለህ ነው የጻፍካት፣ አውቃለሁ። ስለ እማዬ ስል አንድ ጊዜ ውሸታም ብባል ምን እሆናለሁ? ማን እንደሆንኩ እሷ ታውቃለች።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። ይህን ደብዳቤ እማዬ እንዳትሰማ። ያኔ ምን ያህል እየተንቀጠቀጠች እንደቆመችልኝ አይተሃል። «ልጅሽ ካደች» የሚል ቃል ጆሮዋ እንዳይገባ፣ በተኛንበት ማህፀን ይዤሃለሁ። የምትተኛው ቤት ነው፣ የሚነበበው ጉባኤ ነው፤ ከባድ ነገር አልጠየቅኩህም። እኔው መጥቼ፣ እግሯ ሥር ቁጭ ብዬ እነግራታለሁ፤ ከእኔ ስትሰማው ትስቅ ይሆናል።

አለቃዬን ፈቃድ ጠይቄያለሁ። ፊቷ አይፈታም ነበር፣ ግን «እናት አንድ ናት፣ ሂጂ» አለችኝ። ሻንጣዬን በር ላይ አስቀምጬ ያንተን መልስ እጠብቃለሁ።

እህትህ

ታኅሣሥ 4

ለውድ እህቴ፣

ደስ ይበልሽ! ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ በመጀመሪያው እሁድ ተነበበ፣ እገዳው ተነሳ። ጉባኤው ቆሞ አጨበጨበ፤ ያለቀሰም ነበር። በአዲሶቹ ወንበሮች ላይ ነው የተቀመጥነው፣ አንዱም አልተንቋቋም። ባልሽ ወዲያው ወደ ፊት ተጠርቶ መዝሙሩን መራ። ሦስት ዓመት ዝም ብሎ ድምፁ ምንም አልጎደለበትም። ሰላም ብሎሻል።

እንግዲህ እህት ሆነሻልና «እህታችን» ብለው የሚጠሩሽ ብዙ ናቸው። ወንድሞች ስለ ሰብሳቢነቱ ከእኔ ጋር መነጋገር ጀምረዋል። ያደረግሽልኝን አልረሳውም።

ጉዞውን ግን ጥቂት ብታቆዪው ጥሩ ነው። ያስቀየመሽ እንደሆነ ይቅርታ አድርጊልኝ። እናታችን ትንሽ ደክመዋል። ክፍልም ቀይረንላቸዋል፣ ከኋላ ባለው ውስጥ ናቸው፤ እዚያ አየሩ ይሻላቸዋል። ምቹ ሲሆን ራሴ እጽፍልሻለሁ።

ወንድምሽ

ታኅሣሥ 12

ወንድም ጋሼ፣

ከኋላ ያለው ክፍል የቱ ነው? እኔ እዚያ ግቢ ነው ያደግኩት። ከኋላ ያለው የሳንቃ ማስቀመጫህ ነው። መስኮት የለውም። አየሩ በየት በኩል ነው የሚሻላት?

አልሸሹም ዞር አሉ! ምንድነው የምትደብቀኝ? ሞታ ከሆነ ሞተች በለኝ። ካልሞተች ለምን ከእንጨት ጋር አስቀመጥካት? «ይቅርታ አድርጊልኝ» ያልከው ለየትኛው ነው? የጠየቅኩህን አንዲት ነገር አደረግክልኝ ወይስ አላደረግክም?

በሁለት ሳምንት ውስጥ መልስ ካልመጣ ራሴ እመጣለሁ።

እህትህ

ታኅሣሥ 20

ለእህቴ፣

እናታችን በሕይወት አሉ። ቁጣሽን ዋጥ አድርጊና እስከ መጨረሻው አንብቢኝ።

በደንባችን ምስክርነት የሚሻረው ምስክሩ በተገኘበት ነው። ሁለተኛ ምስክርሽ እሳቸው ነበሩ። ይህን ቀድሜ ሳልጽፍልሽ የቀረሁት አንቺን ላለማስጨነቅ ነው። «ልጅሽ ደብዳቤ ልካለች፣ በጉባኤ ይነበባል» ስላቸው ፀጉራቸውን አስበጠሩ፣ ንጹሕ ሻሽ አሰሩ። ከአዲሶቹ ወንበሮች በአንዱ ላይ አስቀምጠን አራት ሆነን ተሸከምናቸው። መንገዱን ሙሉ ላገኙት ሁሉ «ልጄ ጻፈች» ይሉ ነበር።

ደብዳቤው ተነበበ። ሰብሳቢው እንደ ደንቡ «በዚህ ላይ የሚናገር አለ?» ሲሉ እናታችን እጃቸውን አነሱ። እኔ አወረድኩላቸው። መልሰው አነሱት። «በሩን ሲዘጋባት አይቻለሁ» አሉ። ሰብሳቢው ጆሯቸው ከባድ ነውና ሌላ ሰው ጮክ ብሎ ደገመላቸው፣ ስለዚህ ያልሰማ አልነበረም። «ልጅዎ ራሷ ክዳለች እኮ፣ እናቴ» ሲባሉ፣ «እሷ ብትክድ እኔ መች ካድኩ? ያየሁት እኔ ነኝ» አሉ። ለማሰቢያ ሳምንት ተሰጣቸው። አልመለስ አሉ።

እንግዲህ አንቺ ሐሰት ነው ብለሽ ፈርመሻል፣ እሳቸው እውነት ነው ብለው ቆመዋል። ከሁለት አንዱ መውደቅ ነበረበት። በሐሰት የመሰከረ ይታገዳል፣ ዕድሜውን ሙሉም በጉባኤው ፊት ምስክር አይሆንም። «ይታገዱ» ሲባል እጄን ያነሳሁት እያለቀስኩ ነው፤ ያዩኝ ይመሰክራሉ።

የታገደ ሰው በሽማግሌ ጣሪያ ሥር አይኖርም። የሳንቃ ቤቱ ግን የሥራ ቦታ እንጂ መኖሪያዬ አይደለም። ይህን ዘዴ ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ ሌላ ቢሆን ከግቢ ያወጣቸው ነበር። ባለቤቴ ምግቡን ደጃፉ ላይ ታስቀምጣለች፣ ከጉባኤያችን ያልሆነች አንዲት ጎረቤት ገብታ ታጎርሳቸዋለች።

አንቺ ምእመን ነሽና ቤቴ ክፍት ነው። የእሳቸው አልጋ ተነጥፎልሻል። የሳንቃ ቤቱን ደጃፍ ግን አትለፊ፤ ደንቡ አሁን አንቺንም ይይዝሻል።

ወንድምሽ

ጥር 2

ወንድሜ፣

ስወጣ «ምን አሉሽ?» ብለህ መጠየቅህ ገርሞኛል። አራት እርምጃ ርቀህ እንጨት ስትመታ ነበር፣ ገብተህ ብትሰማ ማን ከለከለህ? ለካ ደንቡ ከልክሎሃል።

ልንገርህ። በሩን ስከፍት የእንጨት ብናኝ ሻሿ ላይ፣ ቅንድቧ ላይ ተጋግሮ አገኘኋት። «ማነው?» አለች። «እኔ ነኝ፣ እማዬ» አልኳት። «የቷ?» አለችኝ። «ልጄ ናት ወይስ ያቺ የጻፈችው?» እጄን ፈልጋ ያዘችው። ጣቶቼን አንድ በአንድ እየዳበሰች ያቺኛዋ ጋ ደረሰች፣ ልታጥፋት ሞከረች፣ እምቢ አለቻት። «ይቺ አልካደችም» አለች። ከዚያ እጄን እንደ ሰው ዕቃ መልሳ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝና ፊቷን ወደ ሳንቃው አዞረች።

ይኸው ነው ያለችኝ። ሌላ የለም።

አለቀስኩ፣ እግሯን ሳምኩ፣ «አንቺን ለማየት ብዬ ነው» አልኳት። ላውጣትና ይዣት ልሂድ ብዬ ብብቷን ይዤ ቀና ባደርጋት ትንፋሿ ሊቆረጥ ሆነ፣ መልሼ አስተኛኋት። ጎረቤትየዋ ምግብ ይዛ ብትመጣ አፏን ገጠመች። በማግስቱም እንደዚያው። «ልጄ፣ አንቺ እዚህ እያለሽ አትበላም» አለችኝ ጎረቤትየዋ። ስለዚህ እንድትበላ ብዬ ወጣሁ። ገባህ? እናቴ እንድትጎርስ እኔ መሄድ ነበረብኝ።

በሩን አፈ ቅቤ ዘጋው፣ ወረቀቱን አንተ አረቀቅክ፣ እኔ ፈረምኩ፣ የታገደችው እሷ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! እጠላሃለሁ። ራሴን ግን ካንተ አብልጬ እጠላለሁ፤ አንተ ያደረግከው ለወንበር ነው፣ እኔ ግን እያወቅኳት፣ እንደማትክድ እያወቅኩ።

ደንባችሁን አፍርሻለሁ፣ አብሬያት ሁለት ቀን ተቀምጫለሁ። ለሰብሳቢው ንገርልኝ።

እህትህ

ጥር 17

ለእህቴ፣

እግዚአብሔር ያጽናሽ። እናታችን ባለፈው ረቡዕ ዐረፉ። ቴሌግራም ያልላክሁልሽ ብትመጪም ስለማትደርሺ ነው።

ታግደው ስላረፉ ሽማግሌዎች አልሸኟቸውም። ጎረቤትየዋና የእኔ ሠራተኞች ቀበሯቸው። እኔ ከመቃብሩ አጥር ውጭ ቆሜ ነበር፤ ብርዱ እስካሁን አልለቀቀኝም። ሳጥኑን ግን በገዛ እጄ ሠርቼላቸዋለሁ። ከወንበሮቹ የተረፈ ጥሩ እንጨት ነበረኝ።

ከሳንቃ ቤቱ መግባትሽን ለማንም አልተናገርኩም። ለዚህም ምክንያት አለኝ። የፊታችን ወር ሰብሳቢ ይመረጣል። አሁን ደግሞ «እናቱ ታግደው ሞቱ» የሚሉ ተነስተዋል። ዛሬ እህት፣ ነገ እናት! እኔ የቱን ቤት ላስተካክል?

ነገሩ እንዲህ ነው። እናታችን በመጨረሻዋ ሰዓት «ተሳስቻለሁ፣ ያየሁት የለም» ብለውኛል። ይህ በሁለት ምስክር ከጸና እገዳቸው ይነሳል፤ ስማቸው በጉባኤ ይጠራል፣ የመሸኛ ጸሎቱም ይደረግላቸዋል። አንዱ ምስክር እኔ ነኝ። ከእኔ ሌላ ከቤተሰብ የገባሽው አንቺ ብቻ ነሽ፤ ንስሐ ለመስማት የገባን ደንቡ አይከስም። ለአንቺም እንዲሁ ብለውሽ እንደነበር ጽፈሽ ፈርሚ። እንዳትቸገሪ ብዬ አርቅቄልሻለሁ።

እንደ ባዕድ ከጉባኤው ውጭ አታስቀሪያቸው። በፊተኛው ወንበር ላይ የነበረው የእሳቸው ቦታ ለአንቺ ተይዟል።

ወንድምሽ

ጥር 26

ወንድሜ፣

ረቂቅህን መልሼልሃለሁ፤ የምጽፍልህ በጀርባው ነው።

እማዬ አልተሳሳተችም፣ ተሳስቻለሁም አላለችም። አንተ ሳንቃ ቤቱ እንዳልገባህ እሷም፣ እኔም፣ ጎረቤትየዋም እናውቃለን። ስሟ በእናንተ ጉባኤ ባይጠራ አይጎድልባትም። በሕይወት ሳለች ተሰብስባችሁ ስትሰሟት ምን እንዳደረጋችኋት አይታለች።

ይልቅ አንተ፣ ደንብ ላይ ጥርስህን የነቀልክ ሰው፣ ለወንበሩ ስትቸኩል እንዴት ይህ ጠፋህ? በሐሰት የመሰከረ ዕድሜውን ሙሉ በጉባኤው ፊት ምስክር አይሆንም ብለህ ጽፈህልኛል። እኔ በሐሰት መመስከሬን አምኜ ፈርሜያለሁ። በሙሉ ጉባኤ ፊት ተነቧል፣ ተጨብጭቦለታል። ብፈርምልህም ወረቀቴን አይቀበሉትም። እውነቱን ልንገራቸው ብዬ ብጽፍም አይቀበሉኝም። ቃሌ ሞቷል፤ ቃሉን ያረቀቅከው አንተ ነህ።

ወንበሩን ለሌላ ስጡት። እኔ ነገ ጠዋት ሥራ አለኝ፣ አንሶላው ተከምሯል።

አንተ ሁለተኛ ምስክርህን ገድለሃል፣ ወንድም ጋሼ። እኔም የእኔን።

እህትህ